የድብርት መድኃኒትና የወንድ ጡት፦ የትኛው ያሰጋል፣ ምንስ ይሻላል?

መልሱን አስቀድሜ ልናገር። አዎ፣ የድብርት መድኃኒት የወንድን ጡት ሊያሳድግ ይችላል። ግን አልፎ አልፎ ነው፤ ያውም በጣም አልፎ አልፎ። አንድ ወንድ ፍሎክሴቲን ወይም ሰርትራሊን እየወሰደ ጡቱ ቢያድግበት፣ ከኪኒኑ በፊት የምጠረጥራቸው ሌሎች ነገሮች አሉ። አብሮት የታዘዘ ሁለተኛ መድኃኒት አለ? ስንት ኪሎ ጨመረ? ለጨጓራ የሚወስደው ነገር ይኖር ይሆን? መጠጥስ? ጉበቱስ?

ስለዚህ ይህ መመሪያ ሁለት ነገር ያወዳድራል። መጀመሪያ መድኃኒቶቹን እርስ በርስ፤ የትኛው ጡት ላይ ይበረታል፣ የትኛው ይለዝባል። ቀጥሎ ጡቱ ካደገ በኋላ ያሉትን መንገዶች፤ መጠበቅ፣ መቀነስ፣ መቀየር፣ ማከም፣ ቀዶ ጥገና።

ኪኒኑን ትናንት ካቆሙ ወይም ዛሬ ማታ ለማቆም ካሰቡ ግን ወደ ታች ወርደው "ኪኒኑን ልተወው?" የሚለውን ክፍል ቀድመው ያንብቡ። ሌላው ይደርሳል።

ዕጢ ነው ወይስ ስብ?

ወንድም የጡት ዕጢ አለው። ሲወለድ ጀምሮ ከጡት ጫፉ ሥር ትንሽዬ ሆኖ ይቀመጣል። ያ ዕጢ ሲያድግ ሐኪሞች ጋይኔኮማስቲያ ይሉታል። ዕጢው ሳያድግ ደረት ላይ ስብ ሲጠራቀም ግን ሌላ ጉዳይ ነው። መስታወት ፊት ሲቆሙ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው።

ቤት ውስጥ መለየት ይቻላል። በጀርባዎ ይጋደሙ። አንዱን እጅ ከራስዎ ሥር ያድርጉ። በሌላው እጅ አውራ ጣትና አመልካች ጣትን ከጡቱ ግራና ቀኝ አስቀምጠው ቀስ እያሉ ወደ ጡት ጫፉ ያቀራርቡ። ዕጢው አድጎ ከሆነ ጣቶችዎ ከጫፉ ሥር ክብ የሆነ፣ እንደ ላስቲክ ጠንከር ያለ፣ ሲገፉት ትንሽ የሚንሸራተት ነገር ያገኛሉ። ሲነካ ያማል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሸሚዝ ሲነካው እንኳ ሊያም ይችላል። ስብ ብቻ ከሆነ ደግሞ ጣቶቹ ምንም ሳያግዳቸው እስከ ጫፉ ይደርሳሉ፤ ሕመምም የለውም።

ይህን ያጠበቅሁት በምክንያት ነው። የድብርት መድኃኒቶች ዕጢ ከማሳደግ ይልቅ ኪሎ በመጨመር ነው በብዛት የሚታወቁት። በዚያ ላይ ድብርት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ሰውየው ሲሻለው መብላት ይጀምራል፤ ቦርጭም ደረትም አብረው ይመጣሉ። ያ ከመድኃኒቱ ይልቅ የመዳኑ ምልክት ሊሆን ይችላል። ነገሩን የሚያወሳስበው ስብ ራሱ ዝም ብሎ አለመቀመጡ ነው። ስብ ውስጥ የወንድን ሆርሞን ወደ ሴት ሆርሞን የሚለውጥ ኢንዛይም አለ። ኪሎ ሲበዛ ዕጢውም ሊነቃ ይችላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ተቀላቅለው ይገኛሉ።

አሁን ቀልድ የማያውቁ ምልክቶች። እብጠቱ በአንድ ጡት ብቻ ከሆነ፣ ከጫፉ ሥር ሳይሆን ወደ ጎን ካለ፣ እንደ ድንጋይ ከጠነከረና ካልተንቀሳቀሰ፣ ቆዳው ወደ ውስጥ ከተሳበ፣ ከጫፉ ደም ከወጣ፣ ብብት ውስጥ እብጠት ካለ የኪኒን ወሬ ይቁም፤ ሐኪም ይየው። የጡት ካንሰር ከያዛቸው ሰዎች 1 በመቶ ያህሉ ወንዶች ናቸው። ትንሽ ነው፤ ግን አለ። ወንዶች ደግሞ "የሴት በሽታ ነው" እያሉ ዘግይተው ይመጣሉ። በዘር ፍሬ ላይ እብጠት ወይም ጥንካሬ ካለም ያው ነው፤ በዘር ፍሬ ውስጥ የሚበቅሉ አንዳንድ እብጠቶች (ቱመሮች) የመጀመሪያ ምልክታቸው ጡት ማሳደግ ነው።

ነገሩ የሚሠራው እንዴት ነው?

ወንድ ቴስቶስትሮንም (የወንድ ሆርሞን) ኢስትሮጅንም (የሴት ሆርሞን) አለው። ጡት የሚያድገው የሁለቱ ሚዛን ወደ ኢስትሮጅን ሲያደላ ነው። የአእምሮ መድኃኒቶች ይህን የሚያደርጉት በአብዛኛው ፕሮላክቲን በሚባል ሆርሞን በኩል ነው። ፕሮላክቲን አራስ ወተት እንዲኖራት የሚያደርገው ሆርሞን ነው፤ ከአንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ዕጢ ይመነጫል። እንዳይበዛ የሚይዘው ዶፓሚን የሚባል የአንጎል ኬሚካል ነው። ዶፓሚንን የሚዘጋ መድኃኒት ሲገባ ፕሮላክቲን ይለቀቃል። ፕሮላክቲን ሲበዛ ቴስቶስትሮን ይወርዳል። ጡት ይነቃል፣ የወሲብ ፍላጎት ይቀዘቅዛል።

የድብርት መድኃኒቶች ዶፓሚንን በቀጥታ አይዘጉም። አብዛኞቹ የሚጨምሩት ሴሮቶኒን የሚባለውን ሌላ የአንጎል ኬሚካል ነው፤ እሱ ከፍ ሲል ግን ዶፓሚንን በትንሹ ስለሚጫን ፕሮላክቲን ጥቂት ሊጨምር ይችላል። በአብዛኛው ሰው ላይ ጭማሪው ከጤናማው ልክ አያልፍም። ጥቂት ሰዎች ላይ ያልፋል። ልዩነቱ ይኸው ነው።

መድኃኒቶቹ ሲወዳደሩ

ፍሎክሴቲን፣ ሰርትራሊን፣ ሲታሎፕራም፣ ኤሲታሎፕራምና ፓሮክሴቲን የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ፍሎክሴቲን አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፤ ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ሚሊዮኖች ወስደውታል። የፍሎክሴቲንና የሰርትራሊን መግለጫ ወረቀት ላይ የወንድ ጡት ማደግ ተጽፏል። ግን የተጻፈበትን ቦታ ይዩ። መድኃኒቱ ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ ሰዎች ሪፖርት ካደረጓቸው ነገሮች ተርታ ነው ያለው። እዚያ መግባቱ "ይህ ሰው ላይ ታይቷል" ማለት ነው። "መድኃኒቱ ነው ያመጣው" ወይም "እርስዎም ላይ ይደርሳል" ማለት አይደለም።

ጉዳዩ የጡት ብቻ ቢሆን ከፍሎክሴቲንና ከሰርትራሊን የቱን ልምረጥ ብዬ እንቅልፍ አላጣም። ሁለቱም ዝቅተኛ ስጋት አላቸው። ፍሎክሴቲን መጀመሪያ ላይ ኪሎ እምብዛም አይጨምርም፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ከአሚትሪፕቲሊን ጋር በመንግሥት ጤና ተቋማት የተለመደው የድብርት መድኃኒትም እሱ ነው። ፓሮክሴቲን ግን ከወንድሞቹ ይለያል። ኪሎ በመጨመር ከቤተሰቡ ይብሳል፤ ለማቆምም አስቸጋሪ ነው። ጡት ወይም ኪሎ የሚያሳስበው ሰው በፓሮክሴቲን ባይጀምር ይሻለዋል።

በነገራችን ላይ የዚህ ቤተሰብ መድኃኒቶች ከጡት ይልቅ እጅግ በተደጋጋሚ የሚያስቸግሩት በመኝታ ቤት ነው፤ ፍላጎት መቀነስ፣ የዘር ፈሳሽ መዘግየት። ብዙ ወንድ ስለ ጡት ይጠይቃል እንጂ ስለዚህኛው አፉን አይከፍትም። ከሐኪም ጋር ሲነጋገሩ አብረው ያንሱት፤ የመድኃኒት ምርጫውን ከጡቱ ይልቅ ይህ ሊወስነው ይችላል።

አሚትሪፕቲሊን አንጋፋ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። መግለጫው ላይ ከሆርሞን ጋር የተያያዙ ጉዳቶች ተብለው ከተዘረዘሩት ውስጥ የወንድ ጡት ማደግ በግልጽ አለ። ቢሆንም የተለመደ ነገር አይደለም። የተለመደው ኪሎ መጨመር፣ አፍ መድረቅ፣ የሆድ ድርቀትና እንቅልፍ ነው። ብዙ ሰው አሚትሪፕቲሊን የሚወስደው ለድብርት አይደለም፤ ለማይግሬን ወይም በስኳር በሽታ ምክንያት ለሚመጣ የእግር ማቃጠል ማታ ማታ 10 ወይም 25 ሚሊግራም ይታዘዝለታል። በዚህ መጠን የጡት ስጋቱ ይበልጥ አነስተኛ ነው። ለድብርት ሲታዘዝ ግን መጠኑ ይጨምራል። አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ከመጠን በላይ ከተወሰደ ልብን ያጠቃል፣ ይገድላል። ራሱን የማጥፋት ሐሳብ ያለበት ሰው ቤት አሚትሪፕቲሊን በብዛት ተቀምጦ ማየት አልፈልግም። ይህ ከጡት ጉዳይ ይበልጣል።

የአሚትሪፕቲሊን ዘመድ ክሎሚፕራሚን ሴሮቶኒን ላይ ይበረታል። ፕሮላክቲን በመጨመርም ከሌሎቹ የድብርት መድኃኒቶች ላቅ ይላል። ቬንላፋክሲንና ዱሎክሴቲን ደግሞ በጡት በኩል ከፍሎክሴቲን ብዙም አይለዩም፤ ቬንላፋክሲን ግን ሲቆም እንደ ፓሮክሴቲን ያንገላታል።

ሚርታዛፒን የፕሮላክቲን ችግር እምብዛም የለበትም። የምግብ ፍላጎት ግን ይከፍታል፣ እንቅልፍም ያመጣል። ለከሳና እንቅልፍ ላጣ ሰው ጥሩ ነው። ቀድሞውንም ክብደት ላለው ሰው ግን ደረቱ ላይ ስብ ሊጨምርበት ይችላል።

ቡፕሮፒዮን ከሁሉም በተለየ መንገድ ይሠራል። ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የሚባል ሌላ የአንጎል ኬሚካል ላይ ነው። ፕሮላክቲን አይጨምርም፣ ኪሎ አይጨምርም፣ አንዳንዴም ይቀንሳል። የወሲብ ችግሩም ትንሽ ነው። በጡት በኩል ብቻ ካየነው ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው። ሆኖም ለሁሉም አይሆንም። የሚጥል በሽታ ላለበት፣ የአመጋገብ መዛባት በሽታ ላለበት፣ ብዙ ጠጥቶ በድንገት ለሚያቆም ሰው አይሰጥም፤ መንቀጥቀጥ ያመጣል። እንቅልፍ የነሳውንና የሚጨነቀውን ሰውም ሊያብስበት ይችላል። አሜሪካ ላሉ ወገኖች በቀላሉ ይታዘዛል። እንግሊዝ ውስጥ ግን ፈቃዱ ሲጋራ ለማስተው ነው እንጂ ለድብርት አይደለም። አገር ቤት ያለ ሰው ደግሞ ተስፋ ከማድረጉ በፊት መኖሩንና ሳይቋረጥ መገኘቱን ፋርማሲ ይጠይቅ። ዛሬ ተገኝቶ ከሁለት ወር በኋላ የሚጠፋ መድኃኒት ለድብርት አይመችም።

ዋናው ተጠርጣሪ፦ አብሮ የታዘዘው

ፋርማሲ መስኮት ላይ ይህን ጥያቄ የሚያነሳ ወንድ አብዛኛውን ጊዜ ሌላው ደንበኛ እስኪሄድ ይጠብቃል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ይቺ የድብርቷ ኪኒን..." ይላል። "እስቲ የሚወስዱትን ሁሉ ያሳዩኝ" ሲባል ከኪሱ ሁለት ስትሪፕ ያወጣል። አንዱ ፍሎክሴቲን ነው። ሌላው፣ "እቺ የእንቅልፍ ናት" የሚላት፣ ስትገለበጥ ከጀርባዋ ሪስፔሪዶን ተብሎ የተጻፈባት ሆና ትገኛለች።

ሪስፔሪዶን የእንቅልፍ መድኃኒት አይደለም። የሳይኮሲስ፣ ማለትም ከእውነታ የሚያርቅ የአእምሮ ሕመም፣ መድኃኒት ነው። ድብርቱ ሲጠና፣ ድምፅ መስማት ወይም ከባድ ጥርጣሬ ሲኖር፣ ወይም አንዱ ኪኒን ብቻውን አልበቃ ሲል ሐኪሞች ይጨምሩታል፤ ተገቢም ሊሆን ይችላል። ግን ዶፓሚንን ይዘጋል። ፕሮላክቲንን በማናር ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ነው። ፓሊፔሪዶን፣ ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚንና ሰልፒራይድም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። ኦላንዛፒን በፕሮላክቲን በኩል ቀለል ይላል፣ በኪሎ በኩል ግን ይከብዳል። ኩዌቲያፒን ፕሮላክቲንን እምብዛም አይነካም። አሪፒፕራዞል እንዲያውም ዝቅ ያደርገዋል።

ሪስፔሪዶን በዚህ ጉዳይ ፍርድ ቤት ድረስ የሄደ መድኃኒት ነው። አሜሪካ ውስጥ በልጅነታቸው ወስደውት ጡት ያወጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ወንዶች አምራቹን ጆንሰን ኤንድ ጆንሰንን ከሰዋል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 ፊላደልፊያ ውስጥ ጁሪ ለአንድ ከሳሽ 8 ቢሊዮን ዶላር የቅጣት ካሳ ፈረደለት፤ በ2020 መጀመሪያ ዳኛው ወደ 6.8 ሚሊዮን ዶላር አወረደው። በፍሎክሴቲን ወይም በሰርትራሊን ላይ ስለ ጡት እንዲህ ያለ የክስ ጎርፍ የለም።

የድብርት ኪኒንና ሪስፔሪዶን ሲጣመሩ ደግሞ ነገሩ ሊብስ ይችላል። ፍሎክሴቲንና ፓሮክሴቲን ጉበት ውስጥ ሪስፔሪዶንን የሚያስወግደውን ኢንዛይም ያግዳሉ። ስለዚህ የሪስፔሪዶኑ መጠን በደም ውስጥ ከታሰበው በላይ ከፍ ይላል። የታዘዘው ትንሽ ቢሆንም ሰውነት የሚያየው ከዚያ የበለጠ ነው። ጡቱ ያደገው ፍሎክሴቲን "ከተጀመረ በኋላ" ሊሆን ይችላል፤ ያሳደገው ግን ሪስፔሪዶኑ ነው። ሰርትራሊን በተለመደው መጠን ይህን ኢንዛይም ያን ያህል አያግድም። ሁለቱን አጣምሮ መውሰድ ግድ ከሆነ ሰርትራሊን የተሻለ አጋር ነው።

በመካከለኛው ምሥራቅ አገሮች ያላችሁ ደግሞ ዲያንክሲት የሚባለውን ኪኒን ልብ በሉ። አንድ ኪኒን ይመስላል እንጂ ሁለት መድኃኒት ነው፤ ሜሊትራሴን የሚባል የድብርት መድኃኒትና ፍሉፔንቲክሶል የሚባል ዶፓሚን የሚዘጋ መድኃኒት። መጠኑ ትንሽ ነው። ሆኖም የሚወስዱትን ማወቅ አይከፋም።

ከድብርት ውጭ ያሉ ተጠርጣሪዎች

የጡት ማደግን በማምጣት የታወቁ መድኃኒቶች ዝርዝር ረጅም ነው። ስፓይሮኖላክቶን ከሁሉ ይቀድማል። ለልብ ድካምና በጉበት በሽታ ለሚመጣ የሆድ ውኃ ይታዘዛል። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ትልቅ የልብ ድካም ጥናት ከወሰዱት ወንዶች 10 በመቶ ያህሉ ጡታቸው አድጓል ወይም አሟቸዋል፤ ባዶ ኪኒን ከወሰዱት ግን 1 በመቶ ብቻ። መድኃኒት "ጡት ያሳድጋል" ሲባል እንዲህ ያለ ልዩነት ነው የሚጠበቀው።

ለጨጓራ የሚሰጠው ሲሜቲዲንም ይታማል። ማስታወክ የሚያስታግሰው ሜቶክሎፕራማይድ፣ ብዙ ሰው ፕላሲል የሚለው፣ ዶፓሚን ይዘጋል፤ ዶምፔሪዶንም እንዲሁ። የድብርት ኪኒን ሲጀመር ማቅለሽለሽ ስለሚያመጣ አንዳንዱ ፕላሲል ገዝቶ ለሳምንታት ይውጣል። ይህ አይደረግም። ማቅለሽለሹ በአንድ ሁለት ሳምንት በራሱ ይለቃል፤ ኪኒኑን ከምግብ ጋር መውሰድ ይበቃል። የሚዋጠው ኬቶኮናዞልና ለፀጉር መሳሳት የሚወሰደው ፊናስተራይድም ዝርዝሩ ውስጥ አሉ።

ኢፋቪሬንዝን ለብቻው ላንሳው። የኤችአይቪ መድኃኒት ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ በዶሉቴግራቪር መተካት እስኪጀምር ድረስ ለዓመታት ብዙ ሰው ወስዶታል። ኢፋቪሬንዝ የወንድ ጡት ያሳድጋል። ድብርትና ቅዠትም ያመጣል። ሰውየው ድብርት ይይዘዋል፣ ፍሎክሴቲን ይጨመርለታል፣ ጡቱ ያድጋል፣ ፍሎክሴቲን ይወቀሳል። የሁለቱም ምንጭ ግን አንድ ሊሆን ይችላል። አሁንም ኢፋቪሬንዝ ላይ ያለ ሰው ሐኪሙን "ይቀየርልኝ ይሆን?" ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው።

እንዲህ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያመጡ በሽታዎችም አሉ። የወንድ ሆርሞን ማነስ ስሜትን ያወርዳል፣ ድካም ያመጣል፣ ጡትም ያሳድጋል። ፕሮላክቲን የሚያመነጭ የፒቱታሪ ዕጢ እብጠት የወሲብ ፍላጎት ያጠፋል፤ ራስ ምታትና የእይታ መጥበብ ሊጨምርበት ይችላል። የታይሮይድ መዛባትም ስሜትንም ሆርሞንንም ያናጋል። መጠጥ ደግሞ ድብርትን ያባብሳል፣ ጉበትን ይጎዳል፤ የተጎዳ ጉበት የሆርሞን ሚዛን ያዛባል። በየቀኑ አረቄ የሚጠጣ ሰው ጡቱን በሰርትራሊን ማሳበቡ ትንሽ ያስቃል።

ጂም የሚሄዱ ወጣቶች፣ እናንተንም አልረሳሁም። የጡንቻ መርፌ የምትሉት ስቴሮይድ ሰውነት ውስጥ ከፊሉ ወደ ኢስትሮጅን ይለወጣል። ሲቆም ደግሞ የራስ ቴስቶስትሮን ወድቆ ይቆያል። ያኔ ድብርቱም ጡቱም ተያይዘው ይመጣሉ። ለሐኪም ካልነገራችሁት የሚጠረጥረው የለም።

ልጃቸው የድብርት መድኃኒት የጀመረ ወላጆችም ይጨነቃሉ። የ13 እና የ14 ዓመት ወንድ ልጅ ጡት ማጎጥጎጥ ያለ ምንም መድኃኒት የተለመደ ነው፤ አብዛኛው በሁለት ዓመት ገደማ ይጠፋል። ሪስፔሪዶን የሚወስድ ልጅ ከሆነ ግን አይጠበቅም፤ ይመርመር።

ኪኒኑን ልተወው?

በራስዎ ውሳኔ፣ በአንድ ቀን፣ አይተዉት። ፓሮክሴቲን ወይም ቬንላፋክሲን በድንገት ሲቆም ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ብስጭትና ጭንቅላት ውስጥ ኤሌክትሪክ የነዘረ ዓይነት ስሜት ይመጣል። ፍሎክሴቲን ከሰውነት ቀስ ብሎ ስለሚወጣ በዚህ በኩል ይቀላል። ትልቁ አደጋ ግን ድብርቱ መመለሱ ነው። ጸበል ስንገባ ኪኒኑን ቤት ጥለን መሄድ የተለመደ ነው፤ ሁለቱ አይጣሉም፣ ኪኒኑን ይዞ መሄድ ይቻላል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም። በቅርብ ያለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ አሜሪካ ያላችሁ 988 ደውሉ።

ከሐኪም ጋር የሚመረጡት መንገዶች ግን ብዙ ናቸው።

የተገኘው ስብ ብቻ ከሆነ መድኃኒቱ ይቀጥል። ምግብና እንቅስቃሴ ይስተካከል። ኪሎው በጥቂት ወራት ውስጥ በጣም ከጨመረ፣ በተለይ በሚርታዛፒን፣ በፓሮክሴቲን ወይም በአሚትሪፕቲሊን፣ ወደ ሰርትራሊን ወይም ፍሎክሴቲን መሻገር ያስኬዳል።

ዕጢው ትንሽ አድጎ፣ እምብዛም ሳያም፣ ድብርቱ ደግሞ በመድኃኒቱ በደንብ ከተሻለ እየተከታተሉ መጠበቅ አሳፋሪ ምርጫ አይደለም። ብዙ ሰው የሚሠራለትን መድኃኒት ለማግኘት ወራት ፈጅቶበታል። ያን ለ2 ሴንቲሜትር እብጠት መጣል ያስቆጫል። ግን መጠበቅ ገደብ አለው። ዕጢው ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየ ወደ ጠባሳነት ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ ቢቆምም በቀላሉ አይመለስም። ስለዚህ ውሳኔው በመጀመሪያዎቹ ወራት ቢሆን ይመረጣል።

ሁለተኛው መድኃኒት ሪስፔሪዶን ወይም ሃሎፔሪዶል ከሆነ የሚቀየረው እሱ ነው። የድብርቱ ኪኒን ባለበት ይቆይ። ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ፣ ወደ ኩዌቲያፒን ወይም አሪፒፕራዞል ሊያሻግር፣ ወይም ባለበት ላይ ትንሽ አሪፒፕራዞል ሊጨምር ይችላል። የመጨረሻው ፕሮላክቲንን ለማውረድ ጥሩ ዘዴ ነው። ሳይኮሲስ ላለበት ሰው ይህ ለውጥ በሳይካትሪስት እጅ ብቻ ይሁን። ያለ ክትትል የቆመ ሪስፔሪዶን ከጡት የከፋ ነገር ይመልሳል።

ብቻውን ሰርትራሊን ወይም ፍሎክሴቲን የሚወስድ፣ ሌላ ምክንያት ተፈልጎ ያልተገኘለት፣ ፕሮላክቲኑም ከፍ ያለ ሰው ካለ ያኔ ኪኒኑ ራሱ ይቀየራል። ቡፕሮፒዮን ወይም ሚርታዛፒን የተሻሉ ናቸው። የትኛው እንደሚሆን ኪሎውና እንቅልፉ ይወስናል። ጥፋቱ የመድኃኒቱ ከሆነ ሕመሙ በወር ገደማ ይቀንሳል፤ መጠኑ ግን ወራት ይፈልጋል።

ድብርቱ ቀላል ከሆነ የንግግር ሕክምና አለ። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ ቀለል ላለ ድብርት መድኃኒትን የመጀመሪያ ምርጫ አያደርግም። የንግግር ሕክምና ጡት አያሳድግም። አገር ቤት ግን በቂ ባለሙያ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ከባድ ድብርት ላይ ደግሞ ብቻውን አይበቃም።

ለጡቱ ራሱ የሚሰጥ መድኃኒትም አለ። ታሞክሲፌን፣ የጡት ካንሰር መድኃኒት የሆነው፣ አዲስ ለጀመረና ለሚያም ዕጢ ለጥቂት ወራት ይታዘዛል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ታሞክሲፌን ኃይሉን በሙላት የሚያገኘው ጉበት ውስጥ ተለውጦ ነው። ፓሮክሴቲን፣ ፍሎክሴቲንና ቡፕሮፒዮን ይህን ለውጥ ያግዳሉ። ለጡቱ ሌላ ሐኪም ጋር ከሄዱ የድብርት ኪኒኑን ስም ሳይናገሩ አይውጡ።

ቀዶ ጥገና የመጨረሻው ነው፤ ከዓመት በላይ ለቆየና ለጠነከረ ዕጢ። ስቡ ይመጠጣል፣ ዕጢው በጡት ጫፉ ጠርዝ በምትቀደድ ትንሽ ቀዳዳ ይወጣል። ምክንያቱ ሳይለይ ግን አይቸኩሉ። ያሳደገው መድኃኒት እየተወሰደ የተረፈች ዕጢ ካለች ተመልሳ ልታድግ ትችላለች።

ምርመራና ቀጠሮ

የደም ምርመራው ብዙም አይወሳሰብም፤ ፕሮላክቲን፣ ቴስቶስትሮን፣ ኢስትሮጅን፣ የታይሮይድ፣ የጉበትና የኩላሊት። እንደ ሁኔታው ኤች.ሲ.ጂ. የሚባለው ይጨመራል፤ የዘር ፍሬ እብጠትን (ቱመርን) ይጠቁማል። ጥርጣሬ ካለ የጡትና የዘር ፍሬ አልትራሳውንድ ይታዘዛል። የወንድ ፕሮላክቲን ብዙውን ጊዜ በአንድ ሚሊሊትር ከ15 እስከ 20 ናኖግራም አያልፍም። መድኃኒት ሲያንረው በአብዛኛው ከ25 እስከ 100 ውስጥ ይሆናል። ከ200 በላይ ከሆነ የፒቱታሪ እብጠት ይጠረጠራል፤ ሪስፔሪዶን ግን አንዳንዴ እዚያም ያደርሳል። ደም ሲሰጡ መደንገጥ እንኳ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል፤ ጥቂት ብቻ ከፍ ካለ እንደገና ማስመርመር ነው።

ወደ ቀጠሮው ሲሄዱ የሚወስዱትን ሁሉ ከነስትሪፑ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። የጨጓራውን፣ የፀጉሩን፣ ከጂም ጓደኛ የተገኘውን፣ ከውጭ ዘመድ የላከውንም። እያንዳንዱ መቼ እንደተጀመረ ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ጡቱ ማመም የጀመረበትንም ወር ከጎኑ። "አማኑኤል ገብቶ ሲወጣ አዩት" እንዳይባል የሚፈራ ሰው ብዙ አጠቃላይ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል እንዳላቸው ይወቅ። ሐኪሙ ፊት ማፈር ካለ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ "ጡቴ አድጓል፣ ሲነካ ያመኛል፣ ከጀመረ ሦስት ወር ሆኖታል።" ከዚያ በኋላ መጠየቅ የሐኪሙ ሥራ ነው።